ከአንድ ቤት ሁለት ፖስታ

በዓቢይ ጾም ዓርብ ዓርብ ከቅድስት ኪንጋ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት የሚነሣው የዓሣ ጥብስ ሽታ የማውሚን ወንዝ ተሻግሮ ሀብታሞቹ ሰፈር ድረስ ይደርሳል ይባላል። ይድረስ አይድረስ አላውቅም። የጥርስ ሐኪሙን ዶክተር ሬይመንድ ዱዴክን ግን በየዓርቡ ጎትቶ ያመጣቸዋል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

እኔ ዊኒ ነኝ። ሰፈሩ "ቾቻ" ይለኛል፤ አያቶቻችን ከፖላንድ ይዘውት የመጡት የአክስት መጠሪያ ነው። ቋንቋው ጠፍቶ እሱ ብቻ ቀረ። ሃያ ሁለት ዓመት የጾሙን ዓሣ ጠብሻለሁ። ስለ ኳስ፣ በእጅ ስለሚወረወረው ስለ እኛ አገር ኳስ፣ የማውቀው መጥበሻው ፊት ቆሜ የሰማሁትን ነው። የከተማችን የቶሌዶ ሰው፣ እቶን የሚባለው ቡድናችን ሲጫወት ይጮኻል፤ ሳይጫወት ይከራከራል። ጨዋታ በሌለበት በዚያ ወቅት ማን ለሌላ ቡድን ይለወጥ፣ በሚያዝያው የተጫዋቾች ምርጫ ከየኮሌጁ ከሚወጡት ልጆች ማን ይወሰድ እያለ ዓሣው እስኪቀዘቅዝ ይፋጃል።

ከሆሣዕና በፊት በነበረው ዓርብ ክርክሩ ስለ ዳልተን ሪግስ ነበር። ሪግስ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የእቶን ኳስ ወርዋሪ ሆኖ የኖረ ሰው ነው። ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ትከሻው ሁለት ጊዜ የሐኪም ቢላ ገብቶበታል።

"ይለወጥ!" አለ ኢሞሪ ቶት ሹካውን አንሥቶ። "የሚፈልገው ሰው እያለ ይለወጥ። ሁለት የአንደኛ ዙር የመምረጫ ተራ ይሰጡናል። በአንዱ ወጣት ወርዋሪ እንመርጣለን፤ በሌላው እሱን የሚጠብቅ እንደ በር የሰፋ ልጅ። ከርሞ ግን በነፃ ውሰዱልን ብንል ዞር ብሎ የሚያየን የለም።"

"ውለታ የሚባል ነገር አልፈጠረብህም?" አሉ ዶክተር ዱዴክ።

"ውለታ ኳስ አይወረውርም፣ ዶክተር።"

"ተዉት እሱን!" አሉ ጋስ ከጠረጴዛው ጫፍ። ጋስ ጡረታ የወጡ የሰፈሩ ፖስተኛ ናቸው፤ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ሲናደዱ ደግሞ ያምርባቸዋል። "ይኼ ልጅ ቢፈቀድለት እናቱንም በሁለት የሦስተኛ ዙር ተራ ይለውጣታል!"

"እናቴን? ከአንደኛ ዙር በታች ንክች አላደርግም።"

አዳራሹ በሳቅ ተንጫጫ። በዚህ መሐል ማርሴላ የጎመን ሰሐን ይዛ ከወጥ ቤት ወጣች። የዶክተር ዱዴክ አንድ ልጅ ናት። ከተማው ሙዚየም ውስጥ የተሰበረ የጥንት መስታወት ትጠግናለች፤ ዓርብ ዓርብ ግን ሽርጧን ታጥቃ እኔን ታግዛለች። ሰሐኑን ኢሞሪ ፊት አስቀመጠችና ቆመች።

"ቀጥላ። ማንን ልትለውጥ ነበር?"

ኢሞሪ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። "ጎመኑ... ጎመኑ ጥሩ ነው" አለ።

"ገና አልቀመስከውም እኮ።"

ጋስ ጠረጴዛውን እየደበደቡ ሳቁ። ዶክተሩ ግን አልሳቁም፤ ዓይናቸው ከልጃቸው ወደ ኢሞሪ፣ ከኢሞሪ ወደ ልጃቸው ሄደ። ከዚያ በቀስታ፣ ጥርስ ሲነቅሉ እንደሚናገሩት ዓይነት፣ "አንተ ሁሉን ለውጡ የምትል ሰው፣ እስቲ በሕይወትህ አጥብቀህ የያዝከው ምንድን ነው?" አሉት።

የዚህ መልስ እዚያ የሚነገር አልነበረም። እሱ ሰሐኑን አየ፤ እሷ እሱን አየችው። እኔም የማየውን እንዳላየሁ ለመሆን ወደ መጥበሻዬ ዞርኩ፤ እኔን እንደዚያ ያየኝ ሰው ኖሮ አያውቅም።

*

ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወንዙ ዳር አንድ ሰዓት ይሄዳሉ፤ ከዚያ ይለያያሉ። ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ኢሞሪ ለመስታወት ፋብሪካው አሸዋ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ አባቱም እንደዚያው ነበሩ። ዶክተር ዱዴክ ራሳቸው የተወለዱት ከእኛው መንገድ ላይ ነው። ድህነትን የቀመሰ አባት ለልጁ የሚፈራው ያንኑ ነውና እኔ አልፈርድባቸውም። ሚስታቸው አይሪና ከሞተች አራት ዓመቷ ነው። በስታዲየሙ የዓመት ወንበር ሁለት አላቸው፤ አንዱ የእሷ ነበር። ስንቱ ለመነ! ለማንም አይሰጡም። ካፖርታቸውን ያስቀምጡበታል።

በዚያ ሰሞን ማርሴላ ከሲያትል ካለ ትልቅ ሙዚየም ጥሪ መጣላት። አገሪቱን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ማለት ነው። እሷም ለኢሞሪ ደብዳቤ ጻፈች፤ ከመስጠቷ በፊት ለእኔ አነበበችልኝ። "ፊቴን ስታይ አፍህ ይያዛል፤ ስለዚህ ጻፍልኝ። ቅሪ ወይስ ሂጂ? አንድ ቃል ይበቃኛል። እስከ ትንሣኤ እጠብቃለሁ። ዝም ካልክ ዝምታህን እንደ መልስ እቆጥረዋለሁ" ይላል።

አሁን ስለ ቆርቆሮው ልንገራችሁ። በሰበካችን በየዓመቱ ለየቤቱ፣ ለየእሑዱ የሚሆን የመባ ፖስታ ይታደላል፤ ስም የለበትም፣ የቤቱ ቁጥር ብቻ ታትሞበታል። ቅዳሴ ካመለጠው ሰው እጅ ላይ ትርፍ ፖስታ አይጠፋም። ተከራካሪዎቹ በዚያች ዓርብ ማን እንደሚለወጥ፣ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ዙር ማን እንደሚመረጥ ጽፈው በዚህ ፖስታ ያሽጋሉ። እኔ በብስኩት ቆርቆሮ ቆልፌ አስቀምጣለሁ፤ ቡድን አልደግፍምና ሁሉም ያምነኛል። በምርጫው ሦስተኛ ቀን፣ ቅዳሜ፣ አንድ በአንድ ከፍቼ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ቆርቆሮው ውስጥ የገባ ሁሉ ይነበባል፤ ከገባ በኋላ ባለቤቱም አይነካውም። ከሁሉ የሳተ፣ ወይም ያጭበረበረ፣ የዓመቱን መጥበሻ ያጥባል። አንድ ዓመት ጋስ የራሳቸውን ፖስታ "ሊያርሙ" ሲሉ ተይዘው እስከ ዛሬ ይነሣባቸዋል። በእኛ ሰፈር ሚስቱን የበደለ ሰው ይቅርታ ሊያገኝ ይችላል፤ ቆርቆሮውን የነካ ግን የልጅ ልጁ ድረስ ይሰደባል።

በዚያች ዓርብም ማርሴላ እየዞረች ፖስታዎቹን በሽርጧ ኪስ ሰበሰበች። ከዚያ ሽርጧን ሚስማር ላይ ሰቅላ ለመስቀል መንገድ ጸሎት ወደ ላይ ወጣች። እኔ ደግሞ ሽርጡን ላጥብ አወረድኩት፤ የኪሱን ፖስታ ሁሉ ሳልቆጥር ቆርቆሮው ውስጥ ዘርግፌ ቆለፍኩ። በየዓመቱ የማደርገው ነው። ጸሎት ላይ ስደርስ "አቤቱ፣ አፌን ጠብቅልኝ" እያልኩ ነበር። አፌን ሳይሆን እጄን እንዲጠብቅልኝ መለመን ነበረብኝ።

*

ትንሣኤ አለፈ። ረቡዕ ማርሴላ የመንበሩን ጨርቅ ልታጣጥፍልኝ መጣች። ጫፍና ጫፍ ይዘን ተቃርበን ተራራቅን።

"ጠየቅሁት፣ ቾቻ" አለች። "መልሱ ገባኝ። ትናንት ፈረምኩ።"

ምን እንዳላት አልጠየቅኋትም። ሰው የሚሰጠኝን እቀበላለሁ እንጂ ከአፉ አልጎትትም፤ ይህን ትሕትና ነው ብዬ ኖሬያለሁ። ጨርቁን እጄ ላይ አኖረችና አስተካከለችው፣ እንደገና አስተካከለችው።

"ሲያትል ዝናብ ይበዛል ይላሉ" አለች። ድምፅዋ ዝናቡ የጀመረ ይመስል ነበር።

በዚያው ሳምንት እሑድ ኢሞሪ ከቅዳሴ በኋላ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ብቻውን ቀረ። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"ጠየቀችኝ፣ መለስኩላት" አለ። "አልተስማማትም። መብቷ ነው።"

"እሷ እንዲያ አለችህ?"

"ምንም አላለችም። ምንም አትበይ ያልኳት እኔ ነኝ። በይ ይህን ሆድሽ ይፍጀው፣ ቾቻ። ለእሷም ቢሆን አትንገሪ።"

ቃል ገባሁ። በዚያ ቀን ሁለት ሻማ ለኮስኩ፤ አንዱን ለእሱ፣ አንዱን ለእሷ። ነበልባላቸው በአንድ ነፋስ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል አየሁ።

*

የምርጫው ቅዳሜ ደረሰ። ሐሙስ ማታ እቶን ሪግስን ለውጦት ነበር። ኢሞሪ ያለው ሆነ፤ ሁለት የአንደኛ ዙር ተራ። ጋስ ጉራውን ሊሰሙ ተዘጋጅተው ነበር የመጡት። ኢሞሪ ግን ኮፍያውን አውልቆ ዶክተር ዱዴክ ወዳሉበት ሄደና፣ "አዝናለሁ፣ ዶክተር። ጥሩ ሰው ነበር" አላቸው። ዶክተሩ ቀና ብለው አዩትና አጠገባቸው ያለውን ወንበር በእግራቸው ትንሽ ገፋ አደረጉለት። እሱ አልተቀመጠም።

ማርሴላ ልትሰናበት መጥታ ነበር። መኪናዋ ተጭኖ ደጅ ቆሟል፤ ሰኞ ጠዋት ትነሣለች። መስኮቱ አጠገብ ክንዷን አጣምራ ቆመች። በቴሌቪዥኑ ሰባተኛው ዙር፣ ማንም የማያውቃቸው ልጆች ስም የሚጠራበት የመጨረሻው ዙር፣ ሲጀመር ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ፀሐይ ገና ጣራው ላይ ነበረች።

አንድ በአንድ ከፈትኩ። ጋስ ሪግስ ይቀራል ብለው ጽፈው ኖሯል፤ "አባባ፣ መጥበሻው ይጠራዎታል!" ተባሉ። ቁጥር 214፣ ኢሞሪ፣ ሪግስ ይለወጣል ብሏል፤ ተጨበጨበለት። አምስት ፖስታ ቆይቶ እንደገና አነሣሁና ቁጥሩን ጠራሁ።

"ሁለት መቶ አሥራ አራት።"

"ምን አልሽ?" ጋስ ከወንበራቸው ተነሡ። "እሱ ተነቧል! ከአንድ ቤት ሁለት ፖስታ? ሁለት! በአንዱ ይለወጣል፣ በአንዱ ይቀራል ብሎ ጽፎ ነው! በዚህም ቢወድቅ በዚያ ሊነሣ! እኔን ለአንዲት እርማት ስምንት ዓመት ስትሰድቡኝ!"

አዳራሹ ተገለባበጠ። "ያሳፍራል!" ያለ አለ። "ይነበብ! ይነበብና ይታይ!" አሉ ዶክተር ዱዴክም፤ ፊታቸው ቀልቷል። ከጥቂት ደቂቃ በፊት ወንበር ገፋ ባደረጉለት ሰው ላይ ነው የተቆጡት።

ፖስታውን ቀደድኩ። የመጀመሪያው መስመር "ማርሴላ" ይላል።

ያን ጊዜ ሁሉ ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ። ሚስማሩ ላይ የተሰቀለው ሽርጥ፤ እሱም መልሱን በመባ ፖስታ አሽጎ ኪሱ ውስጥ መክተቱ። ሳልቆጥር የዘረገፍኩት ኪስ። "መልሱ ገባኝ" ያለችው። "ምንም አላለችም" ያለው። ቀና ስል ኢሞሪ ወረቀቱን አይቶታል፤ ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቷል። እሷን አላየም፤ አባቷን አየ። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለ።

"አጭበርብሬያለሁ" አለ። "ጋስ እውነታቸውን ነው። ሁለት አስገብቻለሁ። አታንብቢው ቾቻ፤ ቅደጂው። መጥበሻውን አጥባለሁ፤ ከዚህ በኋላም ቆርቆሮው አጠገብ አልደርስም።"

የእኛ ሰፈር ሰው ይህን ሲል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ስሙን በእጁ መቅደዱ ነው። እሷ በአባቷ ፊት፣ በሰው ሁሉ ፊት እንዳትዋረድ ብሎ ስሙን ቀደደው። ማርሴላ ግን ከመስኮቱ ዞራ ታየው ነበር። ሁለት ዓመት ያወቀችውን ፊት፤ ውሸት የማያውቅ፣ ጎመን ሳይቀምስ ጥሩ ነው ሲል ብቻ የሚዋሽ ፊት።

ዕድሜዬን ሁሉ የሰው ነገር ስሰማ ኖርኩ። ያን ቀን ግን ልናገር ብዬ ቆምኩ።

"አላጭበረበረም" አልኩ። "ጥፋቱ የእኔ ነው። ይህ ለቆርቆሮው የተጻፈ አይደለም። ማርሴላ፣ ልጄ፣ ከሽርጥሽ ኪስ እኔ ነኝ የወሰድኩት። ከአራት ሳምንት በፊት እጅሽ መግባት ነበረበት።"

መጣችና ተቀበለችኝ። ለራሷ አነበበች። ቴሌቪዥኑ ብቻ የአንድ ልጅ ስም ይጠራል። አንብባ ስትጨርስ ወደ አባቷ ሄዳ ፊታቸው ቆመች።

"ቆርቆሮው ውስጥ የገባ ሁሉ ይነበባል፤ አይደል ሕጉ?" አለች። "እንግዲያው እኔ አነባለሁ።"

"ማርሴላ..." አለ ኢሞሪ።

"አንተ ተቀመጥ።"

ተቀመጠ። አነበበች።

"ማርሴላ፣

ቅሪ ወይስ ሂጂ፣ አንድ ቃል ጻፍልኝ ብለሻል። ለአንድ ቃል አራት ቀን ፈጀሁ። አሸዋ ለማራገፍ ተራ እየጠበቅሁ የመኪናው መሪ ላይ ነው የምጽፈው።

ሰው ሁሉ ለዋጭ ይለኛል። እውነታቸውን ነው፣ በወረቀት ላይ ያልለወጥኩት ሰው የለም። ካንቺ ጋር ወንዙ ዳር የምሄድባትን የእሑዷን አንድ ሰዓት ግን በምን ይለውጧታል?

ቅሪ ብል የተሰበረ የሚጠግነውን እጅሽን ማሰር ይሆንብኛል። ሂጂ ብል ውሸት ነው። ስለዚህ ሌላ ቃል ጻፍኩ፤ አብረን። ሲያትል መስታወት ካለ አሸዋ አለ። አሸዋ ካለ የሚነዳው ሰው ይፈለጋል።

አባትሽን እኔው አነጋግራቸዋለሁ፤ ተደብቄ አልወስድሽም። መልስሽ እንቢ ከሆነ ምንም አትበይ። ይገባኛል።

ኢሞሪ"

"አብረን" የምትለዋ ቃል ላይ ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር፤ ግን አላቆመችም። ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ላይ ያዘችው። "እኔ ዝም ያልክ መስሎኝ ፈረምኩ" አለችው፣ ሌላ ሰው እንደሌለ ሁሉ። "አንተ ደግሞ እኔ ዝም ያልኩ መስሎህ አራት ሳምንት አሸዋ ትነዳለህ።"

"ጎበዝ ነጂ አይደለሁም እንዴ" አለ ኢሞሪ፤ ዓይኑ ሞልቶ ነበር።

ዶክተር ዱዴክ ቀስ ብለው ተነሡ። ልጃቸውን አላዩም፤ እሱን ነው ያዩት።

"እቶንን ጥለህ ትሄዳለህ?"

"እቶን በቴሌቪዥን ይታያል፣ ዶክተር። እሷ አትታይም።"

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። አይሪናን እንዳዩ እርግጠኛ ነኝ። አጥብቆ የያዘ ሰው እጁን ሲፈታ ጣቶቹ ወዲያው አይዘረጉም፤ ትንሽ ጊዜ ይፈልጋሉ። ያን ጊዜ ሰጠናቸው።

"ማርሴላ ኳስ አትወድም" አሉ በመጨረሻ፣ ለማንም እንዳልሆነ አድርገው። "ስታዲየም ስወስዳት መጽሐፍ ነበር የምታነበው። መስከረም ጨዋታው ሲጀመር... ለአንድ እሑድ ከሲያትል መምጣት አያቅትም። ካፖርቴን ጭኔ ላይ እይዘዋለሁ።"

ወንበሩን የሚያውቅ ሁሉ አንገቱን ደፋ። ኢሞሪ እጃቸውን ያዘ፤ ዶክተሩም አላስለቀቁትም።

ጋስ ግን አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠራርገው፣ "ደስ ይላል፣ ሁሉም ደስ ይላል!" አሉ። "ሕግ ግን ሕግ ነው። ከአንድ ቤት ሁለት ፖስታ ገብቷል! መጥበሻውን እኔ አላጥብም!"

ስለዚህ በዚያ ቅዳሜ፣ ፀሐይዋ በምድር ቤቱ ጠባብ መስኮት ገብታ ገንዳው ላይ ስታርፍ፣ ኢሞሪና ማርሴላ እጅጌያቸውን ሰብስበው የጾሙን መጥበሻ አብረው አጠቡ። የምርጫው የመጨረሻ ስም ሲጠራ ከመካከላችን የሰማ አልነበረም። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ ይቅርታ ልጠይቃቸው ቃል እፈልግ ነበር።

ማርሴላ አየችኝና ሳቀች። ከሚስማሩ ላይ ሽርጧን አውርዳ ወረወረችልኝ።

"ኪሱን ፈትሺው፣ ቾቻ" አለች።

ፈተሽኩት። ባዶ ነበር። ያቺን ባዶ ኪስ ይዤ፣ ሃያ ሁለት ዓመት በቆምኩበት ወጥ ቤት ውስጥ፣ እንደ ልጅ አለቀስኩ፤ ስመኘው የኖርኩት ደስታ ለካ የእኔ ባይሆንም ይበቃኝ ኖሯል።